አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሃያ ሦስተኛው ቀን

ስሳፈር አውቶቡሱ ስሜን አይጠራም። «ውድ ተሳፋሪዎች፣ የመንገድ ባለ መዝገብ ተሳፍሯል» ይላል። የሴት ድምፅ ነው፣ ጨዋ፣ ቁጣ የሌለበት። መጀመሪያ ሰሞን ሰዎች ቀና ብለው ያዩኝ ነበር፤ አንዳንዷም ልጇን ወደ ጉያዋ ሳብ ታደርግ ነበር። አሁን ማንም አያይም። አውቶቡሱ ራሱን ይነዳል፣ እኔም እንደማንኛውም ሰው ወንበር ይዤ እቀመጣለሁ። በዚህ አገር መሪ የሚጨብጥ ሰው ከጠፋ ስድስት ዓመት አልፎታል። ማስታወቂያው ግን ይነገራል። ማስታወቂያው ይቅር ያለ ሰው የለም።

ግራ እጄ ላይ የታሰረ ጥቁር ነገር አለ። በመንግሥት ወረቀት ላይ ረጅም ስም አለው፤ ሰው ግን እፍ-እፍ ነው የሚለው። በቀን ሦስት ጊዜ ይነዝረኛል፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። በነዘረኝ በሩብ ሰዓት ውስጥ አፌን አስጠግቼ እፍ እላለሁ። ንጹሕ ከሆንኩ አረንጓዴ ነጥብ ይበራል፤ ማታ ላይ ደግሞ ቁጥሩ በአንድ ይጨምራል። ይህ ነገር የጀመረበት ሰኞ ማታ፣ በ2071 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ቁጥሩ 1819 ገባ። 1826 ሲሞላ አምስት ዓመት ይሆናል። አምስት ዓመት ንጹሕ የተነፈሰ ሰው መዝገቡ ይሰረዝለታል።

ሥራዬ የድሮ መኪና መፍታት ነው፤ በተለይ መሪ። በቀን ሰባት ስምንት መሪ እነቅልና ግድግዳ ሥር እደረድራለሁ። ለባለ መዝገብ የተፈቀደ ሥራ ነው። እዚያ የመደበኝ ሰው እየቀለደ ይሁን አላውቅም፤ ሰው ከሆነ።

ጠዋት ጠዋት ልጄን ሐመልማልን ትምህርት ቤት አደርሳለሁ። እናቷ ፌቨን ክር ፋብሪካ የንጋት ፈረቃ ስለምትገባ ሌላ ሰው የለንም። ከቤታችን እስከ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ አስፋልት ብቻ ነው፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ። መሻገሪያው ላይ የቆመውን ምሰሶ የሰፈሩ ሰው ዘበኛው ይለዋል። ዘበኛው ፊት ያውቃል። ባለ መዝገብ ከልጅ ጋር ቆሞ ካየ አረንጓዴ አይሰጥም፤ ቀኑን ሙሉ ብንቆም ቀኑን ሙሉ ቀይ ነው። ልጅ ደግሞ ያለ ትልቅ ሰው አይሻገርም። ስለዚህ በየጠዋቱ አንድ መንገደኛ አስቁሜ «እባክዎ፣ ልጄን ያሻግሩልኝ» እላለሁ። ለምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሐመልማል የማታውቀውን ሰው እጅ ይዛ ትሄዳለች፣ ማዶ ቆማ ትጠብቀኛለች፣ እኔ በሚቀጥለው አረንጓዴ እሻገራለሁ። ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው። እጇን ይዤ አስፋልት ተሻግሬ አላውቅም።

መዝገቤ እንዲሰረዝ የምፈልገው ለዚህ ብቻ ነው። መንጃ ፈቃድ አያምረኝም፣ የሚነዳ መኪናም የለም። ስሜ ይታደስልኝም አልልም። እጇን ይዤ ያቺን አሥራ ሁለት ሜትር አስፋልት መሻገር ነው የምፈልገው።

ያደረግሁትን በአጭሩ እናገራለሁ፤ በረጅሙ ብናገረውም አይለወጥም። በ2063 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ ከሥራ ባልደረባዬ ሰርግ ስመለስ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ፣ ዮፍታሔ የሚባል የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በመኪና ገጭቼ ገደልኩ። አራት ቢራና ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቼ ነበር። አንድ ጓደኛዬ «ቁልፉን አምጣ፣ እኔ ልንዳ» ብሎኝ ነበር፤ «ምን ሆኜ?» አልኩት። ሰካራም ሰከርኩ ብሎ አያውቅም። ልጁ ስድስት እንቁላል ይዞ ነበር። አንዱ አልተሰበረም። ከዚያ ቀን ሁሉ ነገር ውስጥ ለምን እሱን እንደማስታውስ አላውቅም።

ሦስት ዓመት ታሠርኩ። ሐመልማል የተወለደችው እኔ እስር ቤት ሳለሁ ነው። መሪ ያለው መኪና ከመንገድ የወጣውም ያኔ ነው። ስፈታ አገሩ ውስጥ ሹፌር አልነበረም፤ ጥፋቴን የሚደግመው ሰው ቢፈለግም አይገኝም ነበር። እፍ-እፉን እስር ቤቱ በር ላይ አሰሩልኝ።

መዝገብ ለመሰረዝ ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንዱ ንጹሕ ትንፋሽ ነው። ሁለተኛው የዕርቅ ቅጽ ነው፤ የሟች ቤተሰብና አንድ ሽማግሌ የሚፈርሙበት። ዕርቅ ድሮ ዛፍ ሥር ነበር ይባላል። አሁን ሰሚ በሚባል ሳጥን ፊት ነው የሚደረገው። ሰሚው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና የተባለውን ሁሉ ሰምቶ ለችሎቱ ይልካል።

የእኔ ሽማግሌ ጋሽ ኤርሚያስ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። ሹፌር አልባ መኪና ላይ አልወጣም ብለው እስከ ዛሬ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ከተማውን በሙሉ። በአራት ዓመት ውስጥ አሥር ጊዜ የዮፍታሔ እናት ደጃፍ ቆመውልኛል። እትዬ ፍሬሕይወት አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገሯቸውም። ውኃ ይሰጧቸውና «የመጡበት ጉዳይ ገና ነው» ይሏቸዋል። ጋሽ ኤርሚያስ ውኃውን ጠጥተው፣ አመስግነው ይመለሳሉ።

በዚያ ሰኞ አመሻሽ ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሄደው ሲመለሱ ቤቴ መጡ። ገና ሳይቀመጡ፣

«እሺ ብለዋል» አሉ።

ፌቨን እጇን አፏ ላይ ጫነች። እኔ ወንበር አቀረብኩላቸው።

«ነገ ይምጣ ብለዋል። ግን አንድ ነገር አለ። ‹ከቤቴ ሳይጠጣ አይወጣም፤ ያልተጠጣበት ዕርቅ ለእኔ ዕርቅ አይደለም› አሉ።»

«ጋሽ ኤርሚያስ፣ እኔ እኮ…» እጄን አሳየኋቸው።

«ዕውር መሰልኩህ እንዴ? ነገርኳቸው። ‹እንግዲያው ብርዝ እበርዝለታለሁ› ብለው ወዲያው ማር ሊያወጡ ተነሡ። ማርና ውኃ ነው፤ ሕፃን የሚጠጣው። ምን አለበት?»

«ብርዝ ምንም የለውም» አለች ፌቨን። ሁለት ጊዜ አለችው።

ማክሰኞ ጠዋት የእትዬ ፍሬሕይወት ጎረቤት ሞቱ። በራቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ለቅሶ ባለበት ግቢ ዕርቅ አይቀመጡም፤ ሣልስቱ ይውጣ ተባለ። ችሎቱ ግን ቅጹን የሚቀበለው እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፤ የመሰረዝ ቀጠሮዬ ሰኞ ነው። ስለዚህ ዓርብ ጠዋት አራት ሰዓት ተባለ። ሰኞ ማታ የተበረዘው ብርዝ ጋኑ ውስጥ ተቀምጦ ጠበቀኝ። ይህን ያሰበ ሰው አልነበረም። ከሁሉ ይበልጥ ማሰብ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ እኔም አላሰብኩም።

ዓርብ ዕለት ድንጋይ ተሸክሜ ገባሁ። ወጉ ነው፤ ቅጹም ላይ «ድንጋይ ተሸክሟል» የሚል መስመር አለ። ጋሽ ኤርሚያስ ከወንዝ ዳር መርጠው ያመጡት ነው፣ ትከሻ የማይቆርጥ። ደፍ ላይ ተንበረከክሁ። እትዬ ፍሬሕይወት ብዙ አላቆዩኝም። ቀጭን ሴት ናቸው፣ ግራጫ ሹራብ የለበሱ። በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ከትከሻዬ አንሥተው በሩ ሥር አስቀመጡት።

«ተነሥ፣ ግባ» አሉ።

ጠረጴዛው ላይ ሰሚው ተቀምጧል፤ ሰማያዊ መብራቱ በርቷል። ከበላዩ ግድግዳው ላይ የዮፍታሔ ፎቶ አለ። የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሷል፣ አንድ የፊት ጥርሱ በትንሹ ተሸርፏል። ይህን አላውቅም ነበር። ችሎት ላይ ያሳዩኝ ሌላ ፎቶ ነበር።

ጋሽ ኤርሚያስ መረቁ። እኔ ማለት ያለብኝን አልኩ። ልጅዎን ገድያለሁ፣ ጠጥቼ ነበር፣ ይቅር ይበሉኝ፤ ይህን ስል ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ይሰማኝ ነበር። ምንም አልተሰማኝም ብል አልዋሽም። አምስት ዓመት በቀን ሦስት ጊዜ ስትለካ አንዳንዱ ነገር ይደርቃል። እትዬ ፍሬሕይወት አዳመጡኝ።

«ልጅ አለህ?» አሉኝ።

«አለችኝ። ስምንት ዓመት ሊሞላት ነው።»

«ማን ያሻግርልሃል?» ቀና ብዬ ሳያቸው፣ «ሕጉን አውቀዋለሁ። ሲወጣ ልጅ የሞተብንን እናቶች ሰብስበው ነግረውናል» አሉ።

«የተገኘው ሰው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወፍጮ ቤቱ ጋ ቆሜ የሚያልፈውን እለምናለሁ።»

«የማታውቀውን?»

«አዎ።»

ጋሽ ኤርሚያስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እትዬ ፍሬሕይወት ግን አልጨረሱም ነበር።

«እኔ ብቻውን ነው የላክሁት» አሉ። «እንቁላል ገዝተህ ና ብዬ። አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፣ ይችላል ብዬ። ያን ጊዜ ሁሉም ስለ አንተ ነበር የሚጠይቀኝ። እኔን ማንም አልጠየቀኝም።»

ሰሚው ሰማያዊ መብራቱን አብርቶ ይሰማል።

ከዚያ እትዬ ፍሬሕይወት ተነሥተው ከጓዳ ዋንጫ ይዘው መጡ። ትልቅ የቀንድ ዋንጫ ነው። ብርዙ ቢጫ ሆኖ እስከ ከንፈሩ ሞልቷል። በአገራችን የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ምንም እንደሌለበት ለእንግዳው ማሳያ ነው። እትዬ ፍሬሕይወትም መዳፋቸውን ዘረጉና መለሱት።

«ዓርብ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ። ሳልቀምስ ስለሰጠሁህ ቅር አይበልህ። አንተ እንድትጠጣ የንስሐ አባቴን አስፈቅጃለሁ።»

«ጾመኛ ይቅር ይባላል» አሉ ጋሽ ኤርሚያስ። እሳቸውም ጾመኛ ናቸው።

ዋንጫውን በሁለት እጄ ተቀብዬ አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ።

መጀመሪያ ማሩ መጣ። ከማሩ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር፤ ምላስ ጫፍ ላይ ቁንጥጥ የሚያደርግ፣ ደካማ፣ ለሌላ ሰው የማይታወቅ። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ አልቀመስኩትም፤ እናቴን መንገድ ላይ ባገኛት ከማውቃት በላይ ግን አወቅሁት። ብርዙ ጀምሮታል። አራት ቀን ተቀምጧል፣ ጋኑም ዱሮ ጠጅ የተጣለበት ይሆናል። ገና ጠጅ አይባልም። ለእፍ-እፍ ግን ይበቃል።

ዋንጫውን ከከንፈሬ ሳላወርድ ያሰብኩትን እናገራለሁ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ስለቆጠርኩት በደንብ አውቀዋለሁ። ማስቀመጥ አልችልም፤ ከዕርቅ ዋንጫ አይተረፍም፣ የተረፈው ቂም ነው ይባላል። «ፈልቷል» ብል ሰሚው ይሰማል፤ ለመንገድ ባለ መዝገብ አልኮል የሰጠ ሰው ወንጀለኛ ነው፣ እኒህ ሴትዮም በገዛ ቤታቸው፣ ልጃቸው ፎቶ ሥር ይከሰሳሉ። ዓይኔን አንሥቼ አየኋቸው። እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ማሩ እንዲጣፍጠኝ የሚፈልግ ሰው አስተያየት ነበር። ስለ ሐመልማልም አሰብኩ። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽም።

ጠጣሁት፤ እስከ ታች።

«ይጥማል?» አሉ።

«ይጥማል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ፈረሙ። ጋሽ ኤርሚያስም ፈረሙ። ሰሚው ሰማያዊ መብራቱን አጠፋ።

መንገድ ላይ ሳለን ስድስት ሰዓት ሆነና እጄ ነዘረኝ። ጋሽ ኤርሚያስ ዕርቁ ስላማረላቸው የድሮ ጉዞ እያወሩልኝ ነበር፤ የትኛው ቁልቁለት ላይ ፍሬን እንደ ከዳቸው። ቆምኩና እፍ አልኩ። ነጥቡ ቀይ ሆነ። ያን ቀለም ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ከሥሩ «ሰኞ ሦስት ሰዓት ችሎት ይቅረቡ» የሚል ጽሑፍ መጣ።

ጋሽ ኤርሚያስ እጄን ይዘው አዩት።

«ብርዙ?» አሉ ቀስ ብለው።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ተመልሰን እንንገራቸዋ! ሳያውቁ ነው፤ ሰሚውን እናስበራና…»

«ጋሽ ኤርሚያስ፣ ይተዉት። ለማንም እንዳይናገሩ።»

ሰፈራችን ስንደርስ፣ «ዝም አይነቅዝም» አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። ከዚያ ወደ ቤታቸው ዞረው ሲሄዱ ከሽማግሌነታቸው ይልቅ እርጅናቸው ታየኝ።

ለፌቨን ማታ ነገርኳት። ሐመልማል ተኝታለች። ፌቨን የፋብሪካ ልብሷን እያጠፈች ነበር፤ ማጠፉን አላቆመችም።

«ስትጠጣው ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ጉንጭ በኋላ አዎ።»

«ስለዚህ የመጀመሪያውን ሳታውቅ ነው የጠጣኸው። እሱን ንገራቸው።»

«ከዚያ እሳቸውን ይከሷቸዋል።»

«ይክሰሷቸው!» አለች። ወዲያው ደግሞ ተቀመጠች። «ሶፊ፣ አምስት ዓመት እኮ ነው። ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ይሆናል። እጇን እንድትይዝላት የምትፈልግ ይመስልሃል ያኔ?»

እውነቷን ነው። የዚያን ሌሊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች፤ አልተቀየምኳትም።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ችሎቱ ውስጥ ነበርኩ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ ወንበር፣ አንድ መስተዋት። መስተዋቱ ውስጥ ዳኛዋ ይታያሉ፣ የደከማቸው ሴት፣ ሌላ ከተማ ተቀምጠው። ከእሳቸው በፊት ግን የሚያናግረኝ ክስ አስረጂው ነው። ተከሳሽ ክሱን በሚገባው ቋንቋ የመረዳት መብት ስላለው ያስረዱታል። ድምፁን ወዲያው አወቅሁት፤ ያው የአውቶቡሱ ድምፅ ነው።

«አቶ ሶፎንያስ፣ እንደምን አደሩ። በ1823ኛው ቀንዎ፣ በስድስት ሰዓት መለኪያ፣ ትንፋሽዎ ውስጥ አልኮል ተገኝቷል። ይህን ተረድተዋል?»

«ተረድቻለሁ።»

«ሦስት መንገድ አለዎት። አንደኛ፣ መለኪያው ተሳስቷል ማለት ይችላሉ። ምርመራው ስምንት ወር ይወስዳል፤ ለስምንት ዓመት የተሳሳተ መለኪያ አልተገኘም። ሁለተኛ፣ አውቄ ጠጥቻለሁ ማለት ይችላሉ። ቆጠራዎ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ሌላ ቅጣት የለም። ሦስተኛ፣ ሳላውቅ ሰው ሰጥቶኝ ነው ማለት ይችላሉ። የሰጪውን ስም ይናገራሉ፤ ስህተቱ ከእርስዎ ወደ ሰጪው ይተላለፋል፤ መዝገብዎ ዛሬውኑ ይሰረዛል። ሦስቱንም ተረድተዋል?»

«ወደ ሰጪው ይተላለፋል ማለት ምን ማለት ነው?»

«ሰጪው ለሦስት ዓመት የመንገድ ባለ መዝገብ ይሆናሉ። መለኪያ ይታሰርላቸዋል። ሲሳፈሩ ማስታወቂያ ይነገራል። ልጅ ማሻገር አይችሉም።»

«ሰጪው መጥፎ ሐሳብ ባይኖረውስ? የራሱ ልጅ በመኪና የተገደለበት ሰው ቢሆንስ?»

«ሐሳብ አይለካም» አለ ድምፁ፤ ጨዋ፣ ቁጣ የሌለበት። «ተረድተዋል?»

እትዬ ፍሬሕይወት አውቶቡስ ሲሳፈሩ ታዩኝ። ግራጫ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ዘምቢላቸውን ይዘው፤ ያ ድምፅ ለተሳፋሪው ሁሉ የመንገድ ባለ መዝገብ ተሳፍሯል ሲል። ማንም ቀና ብሎ አያያቸውም ነበር። የከበደኝ ይህ ነው።

«አውቄ ጠጥቻለሁ» አልኩ። ውሸት አልነበረም።

ዳኛዋ ቀና ብለው አዩኝ። ሌላ ነገር የምናገር መስሏቸው ትንሽ ጠበቁ። አልተናገርኩም። ፈረሙና መስተዋቱ ጠቆረ። ድምፁ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ቆጠራዎ ወደ ዜሮ ተመልሷል። ሕጉ ስለሚያዝዝ ውሳኔው ለሟች ቤተሰብ ይገለጻል። የዕርቅ ቅጽዎ ግን አልተሰረዘም፤ ዕርቅ የማለቂያ ቀን የለውም። መልካም ቀን ይሁንልዎ።»

ውሳኔው እትዬ ፍሬሕይወት ዘንድ እንደሚደርስ አላሰብኩም ነበር። «ከእኔ ቤት ወጥቶ መጠጥ ቤት ገባ» እንደሚሉ ገባኝ። ሄጄ እውነቱን ብነግራቸው ያው እሳቸውን መክሰስ ነው። ስለዚህ ከችሎት ወጥቼ ሥራ ገባሁ። በዚያ ቀን ዘጠኝ መሪ ነቀልኩ። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት እፍ ስል ቁጥሩ 1 ሆነ።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሲል ከሐመልማል ጋር ወፍጮ ቤቱ ጋ ደረስን። ውርጭ ነበር። ሰኞ መዝገቤ ስለሚሰረዝ ማክሰኞ አብረን እንሻገራለን ብዬ ባለፈው ሳምንት ነግሬያት ነበር፤ እሷም ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከታለች። ገና አልነገርኳትም። አፌን ልከፍት ስል ምሰሶው አጠገብ ግራጫ ሹራብ የለበሱ ሴት አየሁ።

ቆሜ ቀረሁ። እትዬ ፍሬሕይወት ወደ እኔ መጡ። ሰላምታ አልሰጡኝም።

«ወረቀቱ ትናንት ደረሰኝ» አሉ። «እርም ብዬህ ነበር። ከቤቴ ወጥቶ ጠጣ ብዬ ፎቶውን ሳይ አመሸሁ። ከዚያ ጋኑን ላጥብ ብዬ የተረፈውን ቀመስኩት። ስትጠጣው አውቀሃል?»

«አውቄያለሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ሰሚው ይሰማ ነበር፣ እትዬ።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ። ጎንበስ ብለው ሐመልማልን አዩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ሐመልማል።»

«እጅሽ በረዶ ሆኗል። ጓንትሽስ?» ከኪሷ አውጥተው አለበሷት። ከዚያ ቀና ብለው፣ «ቤቴ ሩቅ አይደለም። ከእንግዲህ ሰው አትለምን። ጠዋት ጠዋት እኔ እመጣለሁ» አሉኝ። እጃቸውንም ለልጄ ዘረጉላት።

ሐመልማል አየችኝ። ራሴን ነቅንቄ «ሂጂ» አልኳት።

ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈግሁ። ዘበኛው አረንጓዴ ሆነ። ዛሬ መኪናው ሁሉ ራሱ ስለሚቆም ግራና ቀኝ አይቶ የሚሻገር ሰው የለም፤ ልጄም እንዲህ ሲደረግ አይታ አታውቅም። እትዬ ፍሬሕይወት ግን ወዲያው አልተራመዱም። ወደ ግራ አዩ፣ ወደ ቀኝ አዩ፣ እንደገና ወደ ግራ አዩ። ከዚያ የሐመልማልን እጅ አጥብቀው ይዘው ተሻገሩ።

ምሰሶውን ይዤ አለቀስኩ። ስምንት ዓመት አላለቀስኩም ነበር፤ ሲፈረድብኝም፣ ልጄ ተወለደች ሲሉኝም፣ ድንጋይ ተሸክሜ ስንበረከክም። ዘበኛው «ይሻገሩ» አለኝ። አልቻልኩም። ቀይ ሆነ፣ እንደገና አረንጓዴ ሆነና «ይሻገሩ» አለኝ። ማዶ ሁለቱም እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ቆመው ይጠብቁኛል።